ገመዱን ማን ይሳብ?

ባለፈው ለዘገባ አንድ ፋብሪካ ሄጄ ነበር (ስሙን ተዉት)። ግድግዳው ሁሉ በካይዘን ፖስተር ተሸፍኗል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት... ምኑ ቅጡ! ማሽን ላይ ወደቆመች አንዲት ልጅ ጠጋ ብዬ፣ «የተበላሸ ነገር ብታዪ መስመሩን ማስቆም ትችያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። ዞር ዞር ብላ አለቃዋ አለመኖሩን አየችና «ከእንጀራዬ ልታፈናቅዪኝ ነው?» አለችኝ።

እስኪ ጎበዝ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የካይዘን ዝና የወጣው በቶዮታ ነው፤ የቶዮታ ቤት ደግሞ ከመኪና በፊት የሽመና ቤት ነበር። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ሠርቶ ያጠናቀቀው አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ክሩ ከተበጠሰ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ብላሽ ነዋ! (የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይህን ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልጋቸውም።) ልጁ ኪይቺሮ መኪና ውስጥ ሲገባ ሐሳቡም አብሮ ገባ። በኋላም በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የተዘረጋ ገመድ ሆነ። ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ካየ ይስበዋል። የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ በቶሎ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል።

ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን ፋብሪካውን በ1982 ዘጋ። ከሥራ መቅረቱ፣ አድማው፣ ስካሩ ስም ያወጣለት ፋብሪካ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና «ኑሚ» ተብሎ ተከፈተ። አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው። ጥቂት ቆይቶ ግን ከጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ በጥራቱ ከፊት ተሰለፈ። ምን ተለወጠ? ገመዱን ስትስብ የሚመጣው ሰው! ሊያግዝህ ነው የሚመጣው፣ ሊጮህብህ አይደለም።

የሚገርመው፣ ጄኔራል ሞተርስ ይህን ትምህርት ለሃያ አምስት ዓመት ደጁ ላይ ይዞ በ2009 ከሰረ። ኑሚም በ2010 ተዘጋ፤ ዛሬ በቦታው ቴስላ መኪና ይሠራል። በ2014 ደግሞ የሞተር ማስነሻ ቁልፉ ጉድ ወጣ። ጉድለቱ በኩባንያው ውስጥ ለዓመታት ሲታወቅ ቆይቷል፤ ለ124 ሰዎች ሞት ካሳ ተከፍሏል። በአሜሪካ ምክር ቤት እንደተነገረው ማስተካከያዋ ቁራጭ ዋጋዋ 57 ሳንቲም ነበር። ኩባንያው በ2015 የተስማማው ቅጣት 900 ሚሊዮን ዶላር ነው። የምርመራው ሪፖርት «የጄኔራል ሞተርስ ንቅናቄ» የሚባል ነገር ይጠቅሳል፤ ስብሰባ ላይ ሁሉም «እሺ፣ ይሠራል» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወጥቶ ግን ማንም አይሠራም። ይቺን እንኳ እኛም ቤት እናውቃታለን!

«ጃፓኖች ግን ሌላ ናቸው» እንዳትሉኝ። የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፍተሻ ሲያጭበረብር እንደኖረ በ2023 ተጋልጦ የመኪኖቹን ጭነት አቁሟል። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ ያገኘው ምክንያት የጊዜ ጫና ነው። «አይደርስም» የሚል ሰው አለቆቹ ዘንድ ሰሚ አልነበረውም። ገመዱ በተወለደበት ቤት እንኳ ሰው መሳብ ሊፈራ ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የእኛ አለቆች «የኢኖቬሽን ስትራቴጂ» እያሉ በየሆቴሉ አዳራሽ የሚያዘጋጁት ወርክሾፕ የማይዋጥልኝ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ፤ ሥልጠናው ብዙ ፋብሪካ ደርሷል፣ ይህን አልክድም። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠም ሆነ። ስለ ባትሪውና ስለ ቻርጀሩ ብዙ ተባለ። መስመር ላይ የቆመው ልጅ «ይህ ብሎን አልጠበቀም» ሲል አለቃው ምን እንደሚመልስለት ግን የጠየቀ አላየሁም።

በዚያ ፋብሪካ አንድ ኃላፊ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። «መስመር ሲቆም እኮ ኪሳራ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ኪሳራ ነው። ግን ስህተቱ ደንበኛው ቤት ሲደርስ የሚመጣው ኪሳራስ በማን ሒሳብ ይገባል?

ልጅቷን ስሰናበታት፣ «ታዲያ የተበላሸ ስታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ከሥር አድርጌ አሳልፈዋለሁ» አለችኝ። «ከላይ ያለውን ነው የሚያዩት።»