ደም መመረዝ ቀጠሮ አይሰጥም

በሕዝባችን ዘንድ «ደም መመረዝ» ተብሎ የሚጠራው፣ ሐኪሞች ግን ሴፕሲስ የሚሉት ሕመም በስሙ ምክንያት ብዙ ሰው ያዘናጋል ብለን እናምናለን። ስሙን የሰማ ሁሉ መርዝ ከውጭ ገብቶ ደምን ያበላሸ ይመስለዋልና፣ ቁስሉ ትንሽ ከሆነ አይፈራም። የጉዳቱ ትልቁ ክፍል ግን የሚመጣው ከራሱ ከሰውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቁስል፣ ከሳንባ ምች፣ ከሽንት መተላለፊያ ወይም ከአራስ ማሕፀን የተነሡ ረቂቃን ተሐዋስያን ሲበረቱ፣ ሰውነት እነርሱን ለመከላከል የሚያሰልፈው ኃይል ልኩን አልፎ የገዛ አካላቱን ይጎዳል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ውሃ ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ በውስጣቸውም ደም ይረጋል፤ የደም ግፊትም ይወድቃል። ስለዚህ ሳንባ ውሃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥራል፤ ኩላሊት የሚበቃው ደም ስለማይደርሰው ሽንት ይቀንሳል፤ አንጎልም ሲታወክ በሽተኛው ይዘባርቃል ወይም ይፈዛል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በመላው ዓለም 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም እንደ ተያዙ፣ ከሕመሙ ጋር በተያያዘም 11 ሚሊዮን ያህል እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። ከተያዙትም 20 ሚሊዮን ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎችን ያድናል። ሐኪሙ ተሐዋስያኑን የሚገድል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ የደም ግፊት የወደቀበት በሽተኛ ይህን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። መግል ካለ ይወጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ኦክሲጅን፣ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽና የደም ግፊትን የሚያነሣ መድኃኒት ይታከላል። ይህ ሁሉ መጠን ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ በጠና በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት መስጠት ሞትን እንደ ጨመረ አሳይቷል። እንግዲህ ለሐኪም እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ሕመም፣ ከጓዳ በተገኘ የተረፈ ክኒን ለማከም መሞከር ታላቅ ስሕተት ነው።

«ታዲያ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይሩጥን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አላልንም። ነገር ግን ትኩሳት ያለበት፣ ወይም ሰውነቱ ከልክ በላይ የቀዘቀዘ ሰው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከዘባረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ «እስከ ነገ እንየው» ማለት አይገባም።

ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ሕፃናትንም በጊዜው ማስከተብ ከሁሉ የሚቀድም መከላከያ ነው። መምህራንም እነዚህን ምልክቶች ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ትምህርቱ በዚያው ቀን ወደየቤቱ ይደርሳልና፣ ይህን አደራ እንዲቀበሉን እንለምናለን።