የምርምር ጽሑፍ ለምን ይቆለፋል?

በ2013/14 እ.ኤ.አ. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ አጠቃ። ዋግ በነፋስ ስለሚዛመት ፋታ አይሰጥም። እንዲህ ባለ ጊዜ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ከጥናቶች ልፈልግ ቢል፣ ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ ካልተከፈለባቸው አይነበቡም። ለሙከራው ማሳውን የሰጠው ግን ገበሬው ነው፤ የተመራማሪውንም ደመወዝ የሚከፍለው ሕዝብ ነው! ማሳተም ወጪ እንዳለው አንክድም፤ ወጪው በአንባቢው ላይ መውደቁን ግን አንቀበልም።

በ2019 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ብሔራዊ ፖሊሲ ወጥቷል። ደግ ሥራ ነው። እኛ የምንጨምረው፣ ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያሳትም ፍሬ ነገሩን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ለልማት ጣቢያዎች ይላክ እንላለን፤ ያውም ከዘር ወቅት በፊት።