ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ሊኑክስ ጫኑበት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላገኘው ለፈለገ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢኖርም አንድ ዓመት ሩቅ አይደለም። በጥገና ቤት የምንሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው፦ «አዲስ ላፕቶፕ ይግዙ» ወይም «ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ 11 ልጫንልዎት»። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም።

ባቢሌም ሆነ ጅግጅጋ፣ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ማሽኑ ግን አልተበላሸም። ለውዝ ተሽጦ የተገዛ ላፕቶፕ በደህና እየሠራ ለምን ይጣላል? ክራኩም ቢሆን ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፤ ፋይላችንን ለማናውቀው ሰው አደራ መስጠት ነው።

«ዊንዶውስን አጥፍታችሁ ሊኑክስ ብቻ ተጠቀሙ» የሚሉም አሉ። በዚህም አልስማማም። የነጋዴው ሒሳብ ፒችትሪ ላይ ነው፤ የጸሐፊዋ እጅ የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። በአንድ ቀን ተዉት ብንላቸው ሥራ ማስፈታት ይሆናል።

ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይኑሩ። ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ተለይቶ የሒሳብ ሥራውን ይሥራ፤ ኢሜይል፣ ቴሌግራምና ከየሰው የሚመጣ ፍላሽ በሊኑክስ በኩል ይከፈት። ፋይላችንን ደብቆ «ሾርትከት» ብቻ የሚያሳየን የፍላሽ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ብትከፍቱት የጠፉ የመሰላችሁ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው። አማርኛ ለመጻፍም ኪማን ሊኑክስ ላይ ይሠራል።

ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፤ በ4 ጊጋ ግን ይሻላል። ከዲስኩ ቢያንስ 20 ጊጋ ይፈልጋል። ነፃ ነው፤ አንዱ አውርዶ ለጎረቤቱ በፍላሽ ቢሰጠው ሕጋዊ ነው።

ጥንቃቄው ግን አይዘለል። አስቀድማችሁ ፋይላችሁን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን ጽፋችሁ ያዙ። ሳትጭኑ በፊት ከፍላሹ ላይ አስነሥታችሁ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ሞክሩ። ዲስኩ ሲከፈል መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ሲጫን «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለውን ምረጡ። «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ከመረጣችሁ ዊንዶውሱም ፋይሉም አይተርፍም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ያሰለቻል፤ አልክድም። ቢሆንም ላፕቶፕ ከመጣል ይቀላል።

ጥገና ቤቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተም እንጀራ ነው። ክራክ ለመጫን የምታስከፍሉትን ለዚህ አስከፍሉ። ደንበኞችም «ፎርማት አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት «ሊኑክስ ከጎኑ ትጭንልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ቤት ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በሚነገርባት ባቢሌ፣ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ሲስተም ቢይዝ ማንም አይገረምም።