ድጋፍ ሲሸራረፍ፦ የብራክ የድህነት ቅነሳ ስልት ለልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ያለው ትርጉም

ለተወሰኑ ቤተሰቦች የተመደበ ድጋፍ “ለሁሉም ይዳረስ” ተብሎ ሲከፋፈል ፍትሐዊ ይመስላል። የሚደረገውም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ የልማት ግብረ ሠናይ ድርጅቶች አንዱ የሆነው የባንግላዴሹ ብራክ ያካበተው ልምድ የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። ከሚያስፈልገው መጠን በታች የሆነ ድጋፍ የዕለት ችግርን ያስታግሳል እንጂ ቤተሰብን ከድህነት አያወጣም።

ብድር ያልደረሰላቸው ዜጎች

ብራክ በፋዝሌ ሀሰን አቤድ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1972 ከባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ማግሥት የተቋቋመ ድርጅት ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ካስፋፋቸው ሥራዎች መካከል አንዱ አነስተኛ ብድር ነበር። ነገር ግን ብድሩ የድሃ ድሃ ለሚባሉት ቤተሰቦች አልደረሰም። ዕዳውን መክፈል እንዳያቅታቸው ይሰጉ ነበር፤ የብድር ቡድኖችም እነርሱን በአባልነት ለመቀበል ያመነቱ ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በተለምዶ “ምረቃ” የሚባለውን ስልት ጀመረ። በመጀመሪያ የመንደሩ ነዋሪዎች ተሰብስበው ማን በምን ደረጃ እንደሚኖር በጋራ ይለያሉ፤ የድርጅቱ ሠራተኞችም ልየታውን ቤት ለቤት ያረጋግጣሉ። ለተመረጠው ቤተሰብ እንደ ላም ወይም ፍየል ያለ ገቢ የሚያስገኝ ጥሪት ይሰጠዋል። ጥሪቱ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ቤተሰቡ እንዳይሸጠው ለተወሰነ ጊዜ የቀለብ ድጎማ ያገኛል። ከዚህ ጋር ሥልጠና፣ የቁጠባ ልምድ፣ የጤና ድጋፍና የባለሙያ ተከታታይ ጉብኝት ይታከላል። አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ቢሰጥ ውጤቱ የተለየ ይሆናል፤ ላም ያለ ቀለብ ለገበያ ትወጣለች፣ ቀለብም ያለ ጥሪት በልቶ ማለቅ ይሆናል።

መጠኑ ለምን ይወስናል?

በባንግላዴሽ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ድሃ ሴቶች በቀን ሠራተኝነትና በቤት ሠራተኝነት ሲተዳደሩ ሻል ያለ ኑሮ ያላቸው ግን ከብት ያረቡ ነበር። ልዩነቱ የትጋት አልነበረም። ወደ ተሻለው ሥራ ለመግባት የሚያስችል ጥሪት ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ድጋፉን ያገኙ ሴቶች ወደ ከብት እርባታ በመሸጋገራቸው ገቢያቸው አደገ። ከድጋፉ በኋላ የጥሪታቸው መጠን ከተወሰነ ደረጃ በላይ የሆነላቸው ቤተሰቦች ወደፊት ሲራመዱ፣ ከዚያ በታች የቀሩት ቀስ በቀስ ወደ ነበሩበት የመመለስ ዝንባሌ ታይቶባቸዋል።

ስልቱ በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ 10,495 ተሳታፊዎችን ባካተተ ጥናት ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል። በኢትዮጵያ የተከናወነው በትግራይ ነበር። ከድጋፉ መጠናቀቅ አንድ ዓመት በኋላም በፍጆታና በጥሪት ረገድ መሻሻል እንደቀጠለ በጥቅሉ ታይቷል። ስልቱ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አልተሳካም። በሆንዱራስ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዶሮ መርጠው ነበር፤ ከዶሮዎቹ ብዙዎቹ በበሽታ በማለቃቸው የተገኘው ጥቅም ወጪውን አልሸፈነም። የጥሪቱ ዓይነትና የእንስሳት ጤና አገልግሎት ወሳኝ መሆናቸውን ይህ ያስገነዝባል።

በሀገራችን ያለው ትርጉም

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ድጋፍ ያደርጋል። በአፈጻጸም ሂደት ካጋጠሙት ፈተናዎች አንዱ የድጋፍ መሸራረፍ ነው። ብዙ አባላት ላሉት ቤተሰብ የሚገባው ድጋፍ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ተመዝግበው ሲሰጥ፣ የተረፈው ለሌሎች ይዳረሳል፤ ነገር ግን አንዳቸውም ጥሪት ለመቋጠር አይበቁም። ፕሮግራሙ ሙሉ ቤተሰብን የመመዝገብ አሠራርን የተከተለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን የቀሩት ይረሱ ማለት አይደለም። ድጋፍ ለጥቂቶች በበቂ መጠን የሚሰጥ ከሆነ፣ ያልተመረጠው ዜጋ ለምን እንዳልተመረጠ የማወቅና የመጠየቅ ዕድሉ ሊጠበቅለት ይገባል። ልየታው ግልጽ ካልሆነ ኢ-እኩልነትን ለመቀነስ የታሰበው ድጋፍ ራሱ የኢ-እኩልነት ምንጭ ይሆናል። በተመሳሳይ፣ ጥሪት ሳይቋጥሩ ከፕሮግራሙ ማስወጣት የምረቃ ቁጥርን ቢያሳድግም ቤተሰቡን ወደ ችግሩ ይመልሰዋል። በዕድሜ መግፋት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችሉ ደግሞ ምረቃ መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ ለእነዚህ ዜጎች ያለው መንገድ ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ ነው።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የተጠቃሚዎች ልየታ የሚካሄደው በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ሲሆን፣ የተመረጡት ዝርዝር ለነዋሪው በይፋ ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል።

• ለመመዝገብም ሆነ ለመመረጥ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

• ተጠቃሚ የሆነ ቤተሰብ የተመዘገቡለት አባላት ቁጥር ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

• ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ከማኅበረሰብ የልማት ሥራ ነጻ ሆነው ጊዜያዊ የቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበት አሠራር አለ።

• ያለአግባብ ተዘልያለሁ ወይም ድጋፌ ተቀንሷል የሚል ዜጋ ቅሬታውን በቅድሚያ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል፤ በምላሹ ካልረካም ወደ ወረዳ ማድረስ ይችላል።