«ማንሣት» እና «ማደን»፦ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ግልገሎቻቸው ፎቶግራፍ

አማርኛ ካሜራን በተዋወቀ ጊዜ ለሥራው የመረጠው ግሥ «ማንሣት» ነው። እንግሊዝኛ ለጠመንጃውም ለካሜራውም አንድ ግሥ ያውላል፤ አነጣጥሮ የሚተኩሰውም ፎቶግራፍ የሚወስደውም ሥራቸው በአንድ ቃል ይጠራል። በአማርኛ ግን የወደቀ ይነሣል፤ ያለቀሰ ሕፃን ከመሬት ይነሣል፤ ክርስትና ያነሣ ሰው ከወላጅ ጋር አበልጅ ሆኖ ለልጁ አደራ ይቀበላል። በቋንቋው ሕግ ያነሣ ሁሉ ላነሣው ነገር ባለዕዳ ነው። የዱር እንስሳን ከነግልገሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰውም ከዚህ ዕዳ ነፃ ሊሆን አይችልም። በዘመኑ የሚታየው አሠራር ግን ስሙ ማንሣት፣ ግብሩ ማደን ሆኗል።

የዝሆን ነገር ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በቀድሞው ሥርዓት ዝሆን የገደለ ሰው በፉከራና በቀረርቶ ይወደስ፣ በአደባባይም ይከበር ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ለግብርና ለውጭ ንግድ ይውል ነበር። ያ ዘመን በሕግ ተዘግቷል። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት ስታቃጥል ለዓለም የተናገረችው ይህንኑ ነው። የግዳይ መንፈስ ግን ከጥርሱ ጋር አልተቃጠለም፤ ከጠመንጃው ወጥቶ ወደ ካሜራው መስኮት ገብቷል። የጥንቱ ፎካሪ ስንት እንደ ጣለ ይቆጥር ነበር፤ ያሁኑ ስንት ሜትር እንደ ቀረበ ይቆጥራል። የሁለቱም ጀግንነት የሚለካው በእንስሳው ኪሳራ ነው።

ኪሳራው ምን እንደ ሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። የዝሆን እናት ልጇን የምትሸከመው ለ22 ወራት ያህል ነው፤ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ብዙውን ጊዜ አራትና አምስት ዓመት ያልፋል። አደጋ የታያቸው እንደ ሆነ ሴቶቹ ግልገሉን መሐል አስገብተው በዙሪያው ይቆማሉ። እናቲቱ ጆሮዋን ዘርግታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ መቆሟ ለዐይን ያማረ ሥዕል ነው፤ ትርጉሙ ግን «ተመለስ» ነው። ይህን ቃል ሰምቶ መኪናውን የሚያቆመው አለ፤ ያቺን ቁጣ ፈልጎ ወደ ፊት የሚነዳም አለ። የሁለተኛው ሰው ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ ሲወጣ ተመልካቹ «የእናት ፍቅር» ብሎ ያነበዋል። ያየው ግን የእናት ፍርሃት ነው። ሥዕሉ የውሸት ምስክር ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዛሬ ብዙው ስልክ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ሥፍራ አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። በሐረርጌ በኩል እ.ኤ.አ. በ1970 ለዝሆን ተብሎ እንደ ተከለለው እንደ ባቢሌ ባለ መጠለያ ውስጥ የተነሣ አንድ ሥዕል ከነሥፍራው ከተሠራጨ፣ ለጥርስ ነጋዴ መንገድ መሪ ይሆናል።

«ይህ የቆላ ነገር ነው፤ ለደጋው ሰው ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ዝሆን የለም። ጥያቄው ግን ዝሆኑን ተከትሎ ቆላ አይቀርም። በቦረናና በሳይንት በኩል የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ በ2001 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በኋላም ወደ ወረሂመኖ ሰፍቶ ስሙን ጨምሯል። በዚያ ጭላዳ ከነልጁ ይግጣል፤ ከአስታውና ከጓሳው በላይም በዓለም ላይ የጐለመሱት ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ ይኖራሉ።

የጭላዳ ልጅ ጠጕሩ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል፤ መጀመሪያ በእናቱ ሆድ ተጣብቆ፣ ኋላም በጀርባዋ ተቀምጦ ይሄዳል። እናቲቱ የምትኖረው በሣር ነውና የቀኗ ትልቁ ክፍል በመጋጥ ያልፋል። የግልገሉን ፊት ለማግኘት እያሳደዱ ወደ ገደል መንዳት ከወተቷ መቀነስ ነው። እህል በትኖ ማስጠጋት ደግሞ ጭላዳውን ማሳ ማስለመድ ነው፤ ጐብኚው ሥዕሉን ይዞ ሲሄድ ጣጣው በገብስ ጠባቂው ልጅ ላይ ይወድቃል። ቀይ ቀበሮም የምትወልደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ባለካሜራው ወደ ደጋ የሚወጣበት ወራት ነው። ጉድጓዷ የተደፈረባት እናት ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ሥፍራ ትሰደዳለች። የጐብኚ ውሻ አብሮ ከመጣማ የእብድ ውሻ በሽታ ለአንድ መንጋ መጥፊያው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ አሠራር የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው «ሥዕሉ ጐብኚ ያመጣል፤ ጐብኚውም ገንዘብ ያመጣል» ይላል። ሥዕል እንስሳን ለዓለም ማስተዋወቁ እውነት ነው። ነገር ግን በማሳደድ የተገኘ ሥዕል የሚጠራው ለማሳደድ የሚመጣውን ነው። ገበያው ቅርብ ፊት በለመደ ቁጥር የሚቀጥለው ባለካሜራ ከቀደመው ይልቅ መቅረብ አለበት፤ ሸቀጡ እየጠፋ የሚደራ ገበያ ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ሁለተኛው ወገን በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ይገኛል። «የሕዝብ ኑሮ እያለ የዝንጀሮና የቀበሮ ሥዕል ለማን ይበጃል?» ይላል። ይህ አነጋገር ለሕዝብ የቆመ ይመስላል፤ ሕዝቡ የት እንደ ቆመ ግን አላየም። የቦረናና የሳይንት ገበሬ ከጭላዳው ጋር በአንድ ተዳፋት ይኖራል፤ ሣሩን ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ ይፈልገዋል፤ ገብሱንም ከጭላዳው ይጠብቃል። ጫካው ሲጠበቅ ዋጋውን በቅድሚያ የሚከፍለው እርሱ ነው። ስለዚህ የእንስሳው ነገር የሕዝብ ነገር ነው። ጥፋቱ እንስሳውን ማንሣቱ ላይ አይደለም፤ ገበሬውን፣ ማሳውንና ጠባቂውን ከክፈፉ ቆርጦ ማውጣቱ ላይ ነው። ሰው የሌለበት «ድንግል ምድር» የሚባለው ሥዕል ግልገሉን ከእናቱ ነጥሎ ከሚያሳየው ሥዕል ጋር አንድ ባሕርይ አለው፤ ሁለቱም ለውበት ሲሉ ዝምድናን ይቆርጣሉ።

እንግዲህ ለኪነ ጥበብ ሰው የሚቀረው ሥራ የታወቀ ነው። በሩቅ መስታወት፣ በትዕግሥት ተቀምጦ፣ እንስሳው አቀማመጡን ሳይለውጥ የተነሣ ሥዕል ይበልጣል፤ ግልገሉ ትንሽ ሆኖ ይታይ፤ መንጋው፣ ገደሉና የገብሱ ማሳ አብረው ይታዩ። ሩቀቱ ራሱ የሥዕሉ እውነት ነው። የወለደች እናት ጉድጓድ አይጠቆም፤ ሥፍራው አይታወጅ። በዐውደ ርእይና በውድድር የሚፈርዱ ሰዎችም «ምን ታየ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «እንዴት ተነሣ?» ብለው ይጠይቁ፤ በማሳደድና በማባበል የተገኘውን ይጣሉ። መምህሩ ሥዕሉን ወደ ክፍል ያስገባው፤ የመካነ ሰላም ተማሪ ዝሆንን በሥዕል እንደሚያውቅ ሁሉ በተራራው ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮም በስሙና በኑሮው ይወቀው። የአካባቢው ካድሬና አስተዳዳሪ ደግሞ ከጐብኚው የሚገኘው ጥቅም ለገበሬውና ለጠባቂው መድረሱን ይከታተል።

ክርስትና አንሥቶ ልጁን የረሳ ሰው በአገር ሽማግሌ ፊት ይወቀሳል። ፎቶግራፍ አንሥቶ የተነሣውን የሚረሳም ከዚህ የተለየ ፍርድ አይገባውም።