አራስ ስትጠየቅ ልቧም ይጠየቅ

እንደሚታወቀው በአገራችን ልማድ ነፍሰ ጡር ያማራትን አትነፈግም፤ አራስም ብቻዋን አትተውም። ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ይህ መልካም ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል። ይሁን እንጂ የእናቲቱን አካል እየጠየቅን ልቧን ሳንጠይቅ መቅረታችን ልናጤነው የሚገባ ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በጤና ተቋም የተከናወነው ወሊድ 48 ከመቶ ሲሆን፣ በወለዱ በ2 ቀናት ውስጥ የታዩት እናቶች ግን 34 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የመንገድ ርቀትና የገንዘብ እጥረት ለዚህ ምክንያት መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ጤና ጣቢያው በደጃፏ እያለ የምትቀር እናትም አለች። አንዲቱ ሆዷ ሳይገፋ ቢታወቅባት የሰው ዓይን ይጎዳኛል ብላ ትደብቃለች። ሌላይቱ የባሏን ወይም የአማቷን ፈቃድ ትጠብቃለች። ሦስተኛይቱ ደግሞ ባለፈው ወሊዷ በምጥ ላይ ሳለች የተሰነዘረባትን የቁጣ ቃል አልረሳችም። እነዚህን እናቶች መውቀስ ይበልጥ ያርቃቸዋል እንጂ አያቀርባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ የያዛት ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መምከሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የባሰ ይዘነጋል። ይኸው ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 5 እናቶች 1ዷ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም የመንፈስ ጭንቀት ያጋጥማታል። እንቅልፍ ታጣለች፣ ያለቅሳታል፣ ሕፃኑን ማቀፍ ይከብዳታል። ቤተሰቡ ግን ወይ «ምች መታት» ይላል፣ ወይም «ልጅ ተሰጥቷት ታማርራለች» ብሎ ይፈርድባታል። በዚህም ምክንያት በምክርና በሕክምና ሊድን የሚችል ሕመም ተደብቆ ይቆያል፤ ጡት ማጥባቱና የሕፃኑ ክትባትም ይስተጓጎላል።

ይህ ሁሉ የሚጠናው በጦር ሠፈር በምትኖረው የወታደር ሚስት ላይ ነው። በልማዳችን የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ትወልድ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ባሏ በግዳጅ ላይ እያለ፣ እናቷም በሩቅ አገር ሆና፣ ከማታውቀው ሰፈር ብቻዋን ታርሳለች። ገንፎውን የሚያገነፋላት ባይጠፋም እንኳ የልቧን የምትነግረው ሰው ታጣለች።

ስለዚህ በግዳጅ ላይ ያለው አባት ቃሉን አይንፈጋት፤ በቤት ያለውም ባል ለምርመራ ስትሄድ ይሸኛት። አማት የልጇን ሚስት ወደ ሐኪም በመላክ ትቅደም። የጤና ሠራተኛውም ከመድኃኒቱ በፊት መልካም አንደበቱን ያስቀድም። እኛ ጎረቤቶችም አራስ ለመጠየቅ ስንገባ ሕፃኑን አይተን፣ ገንፎ ቀምሰን ብቻ አንውጣ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለን እንጠይቃት፤ መልሷንም ቁጭ ብለን እንስማ።