መብራት ሲጠፋም ልምምድ አለ

በመካነ ሰላም መብራት ድርግም ባለ ቍጥር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የተቀመጠው ተማሪ ጆይስቲኩን ጥሎ «ልምምዳችን ቀረ» እያለ ያማርራል። እኔ በበኩሌ አልቀረም እላለሁ፤ የተዘነጋው ክፍል ያን ጊዜ ይጀምራል።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብልኀት እንዳይመስላችሁ። ከዋድላ እስከ ዋሸራ ያለው የቅኔ ተማሪ ምን ያደርጋል? ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ብራናም ብዕርም ሳይዝ፣ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፤ ይገጥማል፣ ያፈርሳል፣ ደግሞ ይሠራል። ኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ቆጠራና ነገራ ይህ ነው።

ሳይንስም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፓስኳል ሌዮኔና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በፒያኖ ላይ የሚሠራ የአምስት ጣት ልምምድ ተሰጣቸው። ከፊሎቹ በየቀኑ 2 ሰዓት በጣታቸው፣ ከፊሎቹ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ ተለማመዱ። በሐሳብ የተለማመዱት በ5ኛው ቀን የደረሱበት፣ የጣቶቹ ተለማማጆች በ3ኛው ቀን ከነበሩበት ጋር ተስተካከለ፤ አንድ ጊዜ 2 ሰዓት በጣታቸው ሲጨምሩበት ግን የ5ኛውን ቀን ደረጃ ያዙ። ጆይስቲክስ ቢሆን ከጣትና ከዐይን ሥራ በቀር ምንድር ነው?

ይሁን እንጂ ዋንጫ ታቅፎ መጨፈርን ማለም ልምምድ አይባልም። ፒያኖ አይመልስም፤ ተጋጣሚ ግን ይመልሳል። ስለዚህ ትናንት የገባብህን ጎል አስብ። ተከላካይህን ያለ ጊዜው ያስወጣህበትን ቦታ በዐይነ ልቡናህ እይ፤ የትኛው አውራ ጣትህ ምን እንደ ተጫነ አስታውስ፤ ከዚያም ትክክለኛውን በጨዋታው ፍጥነት ደጋግመህ ሥራው፤ ተጋጣሚህ ዘዴውን ቢለውጥስ ብለህም ጠይቅ። መብራት ሲመጣ ፈትነው። ያለ ነገራ ቆጠራ ብቻውን ቅዠት ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለየጨዋታው የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ኪሱ የሞላው ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ፣ ሳንቲም የሚቈጥረው ከበር ቆሞ ያያል። ሐሳብ ግን ሒሳብ አይጠየቅበትም። የተማሪዎች ማኅበርም ውድድር ሲያዘጋጅ፣ ተጫዋቾች የተሸነፉበትን ጨዋታ ቃል በቃል የሚናገሩበትና የሚተራረሙበት አንድ ምሽት ቢጨምር መልካም ነው።

ስሕተቱን ዐይኑን ጨፍኖ ማየት የለመደ ተማሪ፣ ነገ በፈተና ወረቀቱም ላይ ያየዋል። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ መብራቱን እየጠበቅን አንቀመጥ፤ እንቍጠር!